የሩሃማ የልብ ምት

ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ውስጥ ባለ ባዶ ሜዳ ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የመጡት አራት ናቸው። አንደኛው ጂንስ ሱሪ ለብሷል። አንዷ የመጣችው ልትሮጥ ሳይሆን፣ ለመሮጥ የሐኪም ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ ልትጠይቅ ነበር።

የሜዳ ምልክት የሚሆኑ ስድስት ኮን ደረደርኩ፣ የሩጫ ሰዓቴን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ ፊሽካዬን ነፋሁ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ግቢ ሁለት ዘበኞች እየሮጡ መጡ። ትልቁ "ፊ ሹኑ?" አለኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ምንም አልተፈጠረም፣ ሰዎች ሊሮጡ ነው ብዬ በእጄ ጭምር አስረዳሁት። ከምን እንደሚሸሹ ጠየቀኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊሽካ አልነፋሁም። የምሠራው በጭብጨባ ነው።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የፋብሪካ ክለብ ዘጠኝ ዓመት ሮጫለሁ። ርቀቴ አሥር ሺህ ሜትር ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ተመርጬ አላውቅም፤ ከተመረጡት ጋር ግን ተለማምጃለሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ክለቡ ረዳት አሰልጣኝ አደረገኝ። የረዳት አሰልጣኝ ሥራ ኮን መደርደር፣ ሰዓት መያዝ፣ መዝገብ መጻፍና ዋናው አሰልጣኝ ሲቆጣ ዝም ብሎ መቆም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁት። ክለቡ ሲፈርስ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ወንድሜ ጁባ ነይና አግዢኝ አለኝ። መጥቼ ቀለም፣ ሚስማርና ቁልፍ መሸጥ ጀመርኩ።

አቾልን ያገኘኋት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሠራተኞች ደኅንነት ኃላፊ ናት። የአገሩ ልጅ ብትሆንም ያደገችው ጋምቤላና አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ጓንጉል ቁልፍ ልትገዛ ገብታ ስትወጣ፣ ቀኝ እግሯን እንደምትጎትትና የጫማዋ ተረከዝ በአንድ ወገን ማለቁን ነገርኳት። ቆም ብላ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ቁልፍ እሸጣለሁ አልኳት። በፊትስ አለችኝ።

በወሩ የድርጅቱን ሠራተኞች ሩጫ ላሠለጥን ውል ፈረምኩ። ውሉ ላይ "የጭንቀት ቅነሳ አገልግሎት ሰጪ" ይላል። አሰልጣኝ የሚል ቃል የለበትም። አቾል ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ በጀቱ ያለው በዚህ ስም ነው አለችኝ።

ጁባ ላይ የጽናት ሩጫ ማሠልጠን የራሱ ሥርዓት አለው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስሮጥም። ከየካቲት እስከ መጋቢት መንገዱ አቧራ ነው፤ ዝናቡ ሲገባ ጭቃ ይሆናል። ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ከፊትም ከኋላም ይመጣል። ወታደር በቆመበት መንገድ አይሮጥም። ትኩሳት ያለበት ሰው ሜዳ አይገባም፤ ወባ ይሁን አይሁን የሚለየው ሐኪም ነው እንጂ አሰልጣኝ አይደለም።

ሁለት መሠረታዊ ነገሮችን ከዋናው አሰልጣኜ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው የጠዋት የልብ ምት ነው። ሯጩ እንደነቃ፣ ከአልጋው ሳይነሳ፣ አንድ ደቂቃ ቆጥሮ ይጽፋል። ቁጥሩ ከተለመደው በስምንት በአሥር ከጨመረ ሰውነቱ አላገገመም፣ ወይም በሽታ እየጀመረው ነው፤ ያን ቀን ያርፋል። ሁለተኛው የወሬ ፍጥነት ነው። በሳምንት ከሚሮጠው ኪሎ ሜትር አብዛኛው፣ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር እያወራ ሊሮጠው የሚችል መሆን አለበት። ማውራት ካቃተው ፈጥኗል።

አቶ ቢኒያም የመጣው በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥቅምት ላይ ነው። የዚያው ድርጅት የስጋት ክፍል ባለሙያ ነው። ሥራው ሊደርስ የሚችለውን መጥፎ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በሰንጠረዥ ማስፈር ነው። ባለቤቱ ሐኪም ናት፤ በሌላ ድርጅት ቦር ከተማ ትሠራለች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች። ልጃቸው ሩሃማ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ቢሮ ውስጥ አስቀምጦኝ አንድ ፋይል ከፈተ። ልጄን በፕሮአክቲቭ መንገድ ነው የማሳድገው አለኝ። ሌሎች ወላጆች ችግር ሲመጣ ይሯጣሉ፣ እሱ ግን ቀድሞ ይጠብቀዋል። የጽናት ስፖርት የመረጠላት ጽናት ለሕይወት ስለሚጠቅም ነው። ሰንጠረዡን አሳየኝ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ስጋት ነው፤ ከጎኑ የመድረስ ዕድሉ፣ የጉዳቱ መጠን፣ መከላከያው። የስልክ ሱስ አለ። መጥፎ ጓደኛ አለ። የጉልበት ጉዳት፣ የውሃ ጥማት፣ ውሻ አለ። ውሻ ሁለት ረድፍ ነበረው፤ ባለቤት ያለውና የሌለው።

ሩሃማ ራሷ መሮጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ተስማምታለች። በስብሰባ ነው የወሰንነው" አለኝ።

ስብሰባው ምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ቤታቸው ውስጥ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር፣ ልጅቷ ፈተና ብትወድቅ ወይም ጉንፋን ቢይዛት፣ አባትና ልጅ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ እናት ከቦር በስልክ ትገባለች። ምን ተፈጠረ፣ ለምን ተፈጠረ፣ ዳግም እንዳይፈጠር ምን ይደረግ ይባላል። አቶ ቢኒያም ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ልጅቷ ቀጭን፣ እግሯ ረጅም፣ ዝምተኛ ናት። አሯሯጧ የሚታረም ብዙ ነገር አልነበረውም። ሳምንቱን አራት ቀን አደረግኩላት፤ ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ፣ አንድ ቀን ሜዳው ላይ አጫጭር ፍጥነት፣ ቅዳሜ በጉዴሌ መንገድ ረዘም ያለ። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ከኋላ ይከተለናል። መኪናው ውስጥ ውሃ፣ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት፣ ፋሻ፣ ቴርሞሜትር፣ ትርፍ ጫማና የውሻ ማባረሪያ ዱላ አለ።

የልብ ምቷን በየቀኑ በስልክ ትልክልኛለች። ስልሳ አራት። በማግስቱም ስልሳ አራት። መዝገቤ ላይ ቁልቁል ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ የተረጋጋ ልብ ያለው ሯጭ ይዤ አላውቅም። ከሦስት ወር በላይ አንድም ቀን ስልሳ ሦስት ወይም ስልሳ ስድስት አልሆነም። ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ልብ እንደሌለ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። አልጠየቅኩም።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጉዴሌ መንገድ ላይ ስምንት ኪሎ ሜትር ወጣን። አራተኛው ላይ ሩሃማ ወደ ኋላ ቀረች። ዞር ስል እየሮጠች ነው፤ ግን ክርኗ ከጎኗ ተለይቷል፣ ጭንቅላቷ ይወዛወዛል። ጠጋ ብዬ ፊቷን አየሁት። ደረቅ ነው። በዚያ ሙቀት አራት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ፊት አይደርቅም። ክንዷን ስነካው ያቃጥላል፤ እሷ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች።

"ቁጭ በዪ" አልኳት።

"አራት ይቀራል፣ ኮች" አለችኝና ተንበረከከች።

መኪናው ወዲያው ደረሰ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት አለ። አቶ ቢኒያም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ውሃውን፣ ዱቄቱን፣ ፋሻውንና ትርፍ ጫማውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አወጣቸው፤ ምን እየፈለገ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ልጅቷን ከኋላ ወንበር አስተኛኋት፤ ከዚያ ንዳ አልኩት። ነዳ።

ቅርብ ያለው ክሊኒክ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ደሟ ተመረመረ፤ ወባ ነው። ነርሷ ጉሉኮስ ከሰቀለችላት በኋላ ወባው ዛሬ የጀመረ አይመስልም፣ ልጅቷ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው አለችን። አቶ ቢኒያም ለባለቤቱ ሊደውል ወጣ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?" አልኳት።

"ከረቡዕ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

ጣሪያውን እያየች፣ "ስብሰባ ይሆናላ" አለችኝ።

"የልብ ምትሽስ? ትናንትም ስልሳ አራት ብለሽ ነው የላክሽልኝ።"

"መጀመሪያ ቀን እውነት ስልሳ አራት ነበር። ሁለተኛው ቀን ሰባ ሲሆን አባዬ ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ለእርስዎ ስልሳ አራት ብዬ ላክኩ። ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም። ስልሳ አራት ስል ማንም ምንም አይጠይቀኝም።" ዞር ብላ አይታኝ፣ "እርስዎም አልጠየቁኝም" አለችኝ።

አዎ፣ አልጠየቅኩም አልኳት።

ውጭ አቶ ቢኒያም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያለችውን እንዳለ ነገርኩት። ጥፋቴንም ጨምሬ ነገርኩት፤ ቁጥሩ ሐሰት እንደሆነ መረዳት ነበረብኝ፣ አልተረዳሁም አልኩት። ከዚያ ይህ መከላከል የሚቻል ነበር አለኝ። አዎ አልኩት። ሰንጠረዡ ውስጥ ወባ አለ፣ አጎበር አለ፣ መድኃኒት አለ አለኝ።

"ልትደብቀኝ እንደምትችል ግን አልጻፍኩም" አለኝ።

የሩሃማ ሥልጠና በዚያው ቆመ። አቾል ሰኞ ጠራችኝ። አቤቱታ አልገባም፤ አቶ ቢኒያም ግን በራሱ ላይ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፎ አምጥቶላት ነበር። እሷን ያስጨነቃት እኔ ነኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሜዳ አይገባም የሚለውን ደንብ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም ወይ አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ታዲያ እንዴት ነው የምታስከብሪው አለችኝ። በቁጥር ነበር አልኳት። ከአሁን በኋላስ አለችኝ። ሯጩን ራሱን አይቼ፣ ጠይቄ፣ መልሱን ቆሜ ሰምቼ አልኳት። እሱን ጻፊው ብላ ወረቀት ሰጠችኝ።

የራሴን ቤት ጉዳይ እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። እኔም ልጅ አለችኝ። ሊዲያ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው የምትኖረው። የአስተዳደግ ዘዴዬ የአቶ ቢኒያም ተቃራኒ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለእህቴ ሲደውል እህቴ ለእኔ ትደውላለች፣ እኔ ለሊዲያ እደውላለሁ። ትምህርት ቤቱ ካልደወለ ሁሉም ደህና ነው ብዬ እሠራለሁ።

ሩሃማ ከክሊኒክ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ምንም ሳይፈጠር ለሊዲያ ደወልኩላት።

ሊዲያ ስልኩን አንስታ፣ "ማን ሞተ?" አለችኝ።

ማንም አልሞተም አልኳት። ታዲያ ምን አደረግኩ አለችኝ። ምንም አላደረግሽም፣ እንዴት ነሽ ልልሽ ነው አልኳት። ደህና ነኝ አለች። አራት ደቂቃ አወራን፤ ከአራቱ አንዱ ስለ እህቴ ድመት ነበር። በቀጣዩ ረቡዕም ደወልኩ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ረቡዕ ላይ፣ ፊዚክስ ከተጀመረ ጀምሮ እንዳልገባትና መምህሩን መጠየቅ እንደምታፍር ነገረችኝ። አስጠኚ ፈለግንላት። ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ ገና አልደወለም ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ፣ አቶ ቢኒያም ሜዳው ድረስ መጣ። የተሻሻለ እቅድ ይዞ ነበር። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው። ወረቀቱን ሳልቀበለው ሦስት ነገር ነገርኩት። ልጅቷን እኔ ራሴ እጠይቃታለሁ። እቅዱን እኔ አወጣለሁ። መኪናው ይቀራል፤ አብሮን መምጣት ከፈለገ በእግሩ ነው።

"እኔ ሮጬ አላውቅም" አለኝ።

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው" አልኩት።

ሩሃማን ለብቻዋ ጠየቅኳት። አባቷ እውነት ይሮጥ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። ይሮጣል አልኳት። እንግዲያውስ እመጣለሁ አለችኝ፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ቢኒያም አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣ። ለሁለቱም ያዘዝኳቸው የወሬ ፍጥነት ብቻ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ማውራት ካቃተው ሁለቱም ቀስ ይላሉ፣ ከባሰም ይራመዳሉ። ስምንት መቶ ሜትር ላይ አባትየው ማውራት አቃተው። ልጅቷ ወደ እርምጃ ቀነሰች። ሲተነፍስ ጠበቀችው። ምን ተሰማህ ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አላት።

ችግሩ በኋላ መጣ፤ ትንፋሹ ሲስተካከልለት የሚያወራው አልነበረውም። ስለ ትምህርት ጠየቃት፣ ደህና ነው አለች። ስለ ምሳ ጠየቃት፣ በላሁ አለች። በሁለተኛው ሳምንት ጨንቆኝ አደረ፣ ምን ላውራት ብሎ እኔን አማከረኝ። አሰልጣኝ ለዚህ መልስ የለውም። ስለ ራስህ ንገራት፣ ዛሬ የትኛው እግርህ እንዳመመህ ጀምር አልኩት። ግራው ነበር። ስለ ግራ እግሩ ከንያኩሮን እስከ ዋናው መንገድ ነገራት። በማግስቱ እሷ ስለ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ነገረችው።

እኔ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ እሮጣለሁ። የሚሉትን አልሰማም። የማየው ትከሻቸውን ነው። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ጭቃው ላይ ቆመው ብዙ ቆዩ፤ ልጅቷ ታወራለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። አላለፍኳቸውም፣ አልጠራኋቸውም። ሰዓቴን አቆምኩት። በኋላ እየተራመዱ ተመለሱ። በማግስቱ አቶ ቢኒያም ሰውነቱን ሲያፍታታ ጠጋ ብሎ፣ ትናንት አንድ ነገር ነገረችኝ አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም። ስብሰባ ጠራህ ወይ ብቻ አልኩት። አልጠራሁም አለኝ።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ሩሃማ በዚያ ዓመት ለወጣቶች በተዘጋጀ የአምስት ኪሎ ሜትር ውድድር ገብታ አሥራ አንደኛ ወጣች። ውድድሩ እንደማይጥማትና ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር መረብ ኳስ መጫወት እንደምትፈልግ ነገረችን። ጥሩ ሯጭ ይወጣት ነበር። ይህን የምለው በሙያ ዓይን ነው፤ ለእሷ አልነገርኳትም። መረብ ኳሱን ትጫወታለች።

አባትየው ግን አልተወም። እሱ የቀጠረኝ ለልጅቷ ነበር፣ የቀረልኝ እሱ ሆነ። አሁን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይቆም ይሮጣል። አሁንም ይዘጋጃል፤ ዝናብ ይጥላል ከተባለ ሁለት ካልሲ ይዞ ይመጣል። እሑድ እሑድ ልጅቷ ደስ ካላት አብራው ትወጣለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ማክሰኞ አርፍዶ መጣ። አርፍዶ አያውቅም። ሲያፍታታ ቆይቶ፣ እንደ ሥራ ሪፖርት ባለ ድምፅ፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ነገረኝ። ሩሃማ ገና ሳይነጋ መጥታ በሩን አንኳኩታለች። አባዬ፣ ራሴን አሞኛል፣ ትኩሳትም ያለኝ ይመስለኛል ብላዋለች። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ጫማውን አድርጎ ክሊኒክ ወሰዳት። ተመረመረች፣ ወባ አይደለም፣ ጉንፋን ነው።

"ራሷ መጥታ ነው የነገረችኝ" አለኝ። ያንኑ ደግሞ ነገረኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ፤ ታስሮ የነበረውን ፈትቶ ነው ያሰረው። በጭብጨባ አስነሳሁት።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡና ልጅ ለምታሠለጥኑ፣ የማውቀው ይህን ያህል ነው። እቅድ አውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ መዝገብ ጻፉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ልጁ ሲያመው ወይም ሲደክመው ለእናንተና ለወላጆቹ መናገር እንዳይፈራ አድርጉ። ይህ ወራት ይፈጃል፣ ኪሎ ሜትርም አይመዘገብበትም። ይህ ካልተሠራ የያዛችሁት መዝገብ ስለ ልጁ ምንም አይነግራችሁም።